እንዴት ይሠራል? ፕሮሰስን በስሙ መፈለግ

አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። የሂሳብ ክፍሉ ሰርቨር ላይ «የደመወዝ-ስሌት» የሚባል የሼል ስክሪፕት አለ። በየ10 ደቂቃው ክሮን ይቀሰቅሰዋል፤ አዲስ የገቡ መዝገቦችን ያነባል፣ ግብርና ጡረታ ይቀንሳል፣ ውጤቱን ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል። በአዘቦት ቀን በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። ወር ሲያልቅ ግን መዝገቡ ይበዛና 25 ደቂቃ ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ሳይጨርስ ክሮን ሁለተኛውን ያስነሳል፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን። ሁለት ቅጂዎች በአንድ መዝገብ ላይ ሲረባረቡ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ሊጻፍ፣ የሌላው ደግሞ ጭራሽ ሊዘለል ይችላል።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ «ከእኔ በፊት የተነሳ ሌላ ቅጂ አሁንም እየሠራ ነው ወይ?» አብዛኛው ሰው ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የሚጽፈው መፍትሔ አንድ መስመር ነው። ፒኤስ በሚባለው ትእዛዝ ያሉትን ፕሮሰሶች ሁሉ ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩን በፓይፕ ወደ ግሬፕ ይልካል፤ ግሬፕ ስሙ ያለበትን መስመር ለይቶ ያወጣል። መስመር ከወጣ ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፣ ካልወጣ የለም ማለት ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ተርሚናል ላይ በቀን ስንት ጊዜ ይጽፈዋል። በእጅ ሲጻፍ ጉዳት የለውም፤ ውጤቱን የሚያይና የሚያመዛዝን ሰው አለና። ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያመዛዝን ሰው የለም። ስክሪፕቱ ያገኘውን መስመር አምኖ ይወስናል፤ አንዳንዴም አምኖ ይገድላል።

የመጀመሪያው ችግር ግሬፕ ራሱን ማግኘቱ ነው። ፒኤስ ሥራውን ጨርሶ ለግሬፕ የሚያስረክብ ይመስለናል። ፓይፕ እንደዚያ አይሠራም። ሼሉ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስነሳቸዋል፣ አንዱ የሚጽፈውን ሌላው እንዲያነብም ያገናኛቸዋል። ፒኤስ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ ግሬፕም በሕይወት ያለ ፕሮሰስ ነው፤ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ደግሞ የምንፈልገው ስም ተጽፏል። ስለዚህ ግሬፕ ከሚያወጣቸው መስመሮች አንዱ የራሱ ይሆናል። ስክሪፕቱም «ሌላ ቅጂ አለ» ብሎ ይወጣል፣ ደመወዙም ሳይሰላ ያድራል። ይባስ ብሎ ይህ ሁልጊዜ አይከሰትም። ፒኤስ ፈጥኖ ግሬፕ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ዝርዝሩን ከወሰደ መስመሩ አይታይም። ሲሞከር የሚሠራ፣ ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት የሚሳሳት ስክሪፕት የሚወለደው ከዚህ ነው።

ለዚህ ሁለት የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ሌላ ግሬፕ መደረብ ነው፤ «ግሬፕ የሚል ያለበትን መስመር ሁሉ ጣል» የሚል። ይሠራል፣ ግን በስሙ ወይም በፋይል አድራሻው ውስጥ ያ ቃል ያለበትን ትክክለኛ ፕሮሰስም አብሮ ይጥላል። ሁለተኛው ይሻላል፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት፦ «[የ]ደመወዝ-ስሌት»። ለግሬፕ የማዕዘን ቅንፍ ማለት «እዚህ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ» ማለት ነው። ውስጡ አንድ ፊደል ብቻ ስላለ የሚፈልገው ያንኑ «የደመወዝ-ስሌት» የሚለውን ነው። በፒኤስ ዝርዝር ላይ የግሬፕ መስመር የሚታየው ግን ከነቅንፉ ነው፤ በ«የ» እና በ«ደ» መካከል ቅንፍ ስለገባ ግሬፕ ራሱን አያገኝም። ይህ ሲጻፍ በነጠላ ጥቅስ ምልክት ውስጥ ይሁን። አለበለዚያ ሼሉ ቅንፉን የፋይል ስም መፈለጊያ አድርጎ ይወስደዋል፤ በዚያው ፎልደር ውስጥ «የደመወዝ-ስሌት» የሚባል ፋይል ካለ ቅንፉን ገፎ ስሙን ብቻ ለግሬፕ ያቀብላል። ስክሪፕቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው።

ቅንፉ ግሬፕን ከውጤቱ ያስወጣዋል እንጂ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተወዋል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ስክሪፕት ራሱ በዝርዝሩ ላይ አለ። ስክሪፕቱን በኤዲተር ከፍቶ የሚያስተካክል የሥራ ባልደረባ ካለ የኤዲተሩ መስመር ላይም ያ ስም አለ። ሎጉን የሚከታተል ሰው ካለ እሱም እንደዚያው። ይህ ሁሉ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ስሙ የት እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል።

ስሙ የት ነው ያለው?

ሊኑክስ ላይ ፒኤስም ሆነ ሌሎቹ መሣሪያዎች መረጃቸውን የሚቀዱት ፕሮክ ከሚባለው ፎልደር ነው። ይህ ፎልደር ዲስክ ላይ የለም፤ ሲከፈት ከርነሉ በዚያው ቅጽበት እያዘጋጀ ያቀርበዋል። ፕሮሰስን እንደ ፋይል የማሳየትን ሐሳብ ቶም ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1984 ለዩኒክስ 8ኛ እትም ሠርቶ አቀረበው፤ ሊኑክስም ሐሳቡን ወስዶ አሰፋው። በእኔ እምነት ከዩኒክስ ሐሳቦች ሁሉ ለተማሪ ቶሎ ማሳየት የሚገባው ይህ ነው። ምንም ልዩ ፕሮግራም ሳያስፈልግ፣ ፋይል የሚያነብ ሰው ሁሉ የማሽኑን ሕይወት ማንበብ ይችላልና።

ፕሮክ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለው። ቁጥሩ 4127 ከሆነ ፎልደሩም 4127 ነው። ውስጡ ስለ ማንነቱ የሚናገሩ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። ኮም የሚባለው ፋይል አጭር ስሙን ይይዛል። ሲኤምዲላይን የሚባለው ፕሮሰሱ ሲነሳ የተሰጠውን ትእዛዝ ከነተከታዮቹ ቃላት ይይዛል። ኤክስኢ የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ የተነሳበትን ፋይል የሚጠቁም ሊንክ ነው። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሦስቱ አንድ ነገር የሚናገሩ ስለሚመስለን ነው።

ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ የሚሆነውን አስቡ። ኮም «አበበ» ብሎ መጥራት ነው፤ ሦስት አበበ ካለ ሦስቱም «አቤት» ይላሉ። ሲኤምዲላይን ከነአባትና ከነአያት መጥራት ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር የመታወቂያ ቁጥር ነው። ግሬፕ ግን ከአስተማሪው ያነሰ አስተዋይ ነው፤ «አበበ» ሲባል አበበችንም ያስነሳታል። የሚያመሳስለው ቃልን ከቃል ሳይሆን ተከታታይ ፊደልን ከተከታታይ ፊደል ነውና።

ኮም ደግሞ የራሱ ጠባብነት አለው። ከርነሉ ለአንድ ፕሮሰስ ስም የመደበው ቦታ 16 ባይት ነው። አንዷ ባይት «እዚህ አበቃ» ለሚለው ምልክት ስለምትሄድ ለስሙ የሚቀረው 15 ነው። ከዚያ የረዘመ ስም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ሎግ የሚሰበስበው ሲስተምዲ-ጆርናልዲ በላቲን ሲጻፍ 16 ፊደል ነው። የመጨረሻዋ ዲ ተቆርጣ በኮም ውስጥ «ሲስተምዲ-ጆርናል» ሆኖ ይቀመጣል። ሙሉ ስሙን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ጽፎ «ልክ ይህን ስም ፈልግልኝ» ያለ ሰው «የለም» ይባላል፤ ፕሮሰሱ ግን ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ እየሠራ ነው። ፋየርፎክስ ለድረ ገጾች የሚያስነሳቸው «አይሶሌትድ ዌብ ኮንተንት» የሚባሉት ፕሮሰሶች በዝርዝር ላይ «አይሶሌትድ ዌብ ኮ» ተብለው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ በአማርኛ ስም ለሚሰጥ ሰው ይብሳል። ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲበቃው የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። 15 ለ3 ሲካፈል 5 ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ፕሮግራም በኮም ውስጥ የሚተርፈው 5 ፊደል ብቻ ነው። የእኛን ስክሪፕት እንቁጠር፦ የ፣ ደ፣ መ፣ ወ፣ ዝ። 5 ፊደል፣ 15 ባይት፤ ልክ እዚያ ላይ ሞላ። «-ስሌት» የሚለው የለም። በዚያው ሰርቨር ላይ «የደመወዝ-ሪፖርት» የሚባል ሌላ ስክሪፕት ካለ የእሱም ስም «የደመወዝ» ነው። ሪፖርቱን ለማቆም የተጻፈ መስመር ስሌቱን መሐል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል ማለት ነው። ስሙ «ደመወዝ-ስሌት» ቢሆን ደግሞ አራቱ ፊደላት 12 ባይት፣ ሰረዟ 1 ባይት ይወስዱና ለ«ስ» 2 ባይት ብቻ ይቀራል። ከርነሉ የሚቆርጠው ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን ባይት ቆጥሮ ስለሆነ «ስ» ተሰንጥቃ የማትነበብ ምልክት ትሆናለች።

የሆሄያትም ነገር አለ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ባይቶች ናቸው። ፋይሉን የሰየመው ሰው በንጉሡ «ሠ» ጽፎ ፈላጊው በእሳቱ «ሰ» ከጻፈ አይገናኙም። ይህን ሁሉ የምለው በአማርኛ መሰየም ይቅር ለማለት አይደለም፤ ይቻላል፣ ይሠራልም። ስሙ አጭር ይሁን፣ የሚለየው ቃል ፊት ይምጣ፣ አጻጻፉም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ይሁን። «ስሌት» እና «ሪፖርት» ብሎ መሰየም ብቻ ሁለቱንም ከመቆረጥ ያድናቸዋል።

ስክሪፕት ሲሆን ደግሞ ስሙ እንደ አነሳሱ ይለያያል። በቀጥታ በስሙ ከተነሳ ሊኑክስ በኮም ውስጥ የስክሪፕቱን ስም ይጽፋል። «ባሽ የደመወዝ-ስሌት» ተብሎ ከተነሳ ግን በኮም ውስጥ ያለው «ባሽ» ነው። ፋይሉ ያው፣ ሥራው ያው፣ ስሙ ሁለት። የፓይተን ስክሪፕት አናቱ ላይ «ኤንቭ ፓይተን3» የሚል የመነሻ መስመር ካለው፣ ኤንቭ ራሱን በፓይተን ስለሚተካ ኮም ውስጥ የሚቀረው «ፓይተን3» ብቻ ይሆናል። የጃቫ ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው ሁሉም «ጃቫ» ናቸው። በአንድ ሰርቨር ላይ የደንበኞች ሲስተምና የመጋዘን ሲስተም ሁለቱም በጃቫ ከተሠሩ፣ «ጃቫን አቁም» የሚል ትእዛዝ ሁለቱንም ይዞ ይወድቃል።

ስም ደግሞ ይቀየራል። ማንኛውም ፕሮሰስ እየሠራ ሳለ የራሱን ኮም መቀየር ይችላል፤ የትእዛዝ መስመሩንም ደምስሶ ሌላ መጻፍ ይችላል። ይህ የግድ ክፋት አይደለም። ፖስትግሬስ በትእዛዝ መስመሩ ላይ የትኛው ተጠቃሚ ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደተገናኘና በዚያች ቅጽበት ምን እየሠራ እንዳለ ይጽፋል፤ ኢንጂንኤክስ የቱ አለቃ የቱ ሠራተኛ እንደሆነ ይጽፋል። አስተዳዳሪውን ይረዱታል። ያንኑ መንገድ ግን ሰርቨር ሰብረው የሚገቡ ሰዎችም ይጠቀሙበታል፤ ድብቅ ፕሮግራማቸውን የከርነሉ የውስጥ ሠራተኛ የሆነ አስመስለው ኬወርከር ብለው ይሰይሙታል። ለዚህ ነው ኤክስኢ የሚባለው ሊንክ ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ የሚታመነው። እውነተኛ የከርነል ሠራተኛ ከዲስክ የተነሳበት ፋይል የለውም፤ የአስመሳዩ ሊንክ ግን ወደ አንድ ፋይል ይጠቁማል። ኤክስኢም ቢሆን ስክሪፕትን ከስክሪፕት አይለይም፤ ሁለቱም ባሽን ነው የሚጠቁሙት። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋይሉ በአዲስ ከተተካም በአድራሻው መጨረሻ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ይጨመርበታል፤ አድራሻውን ቃል በቃል የሚያመሳክር ስክሪፕት ከማሻሻያ በኋላ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ፒግሬፕ

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ፒግሬፕ ይባላል፣ ሲጻፍ ፒ-ጂ-አር-ኢ-ፒ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለሶላሪስ 7 ሲሆን የጻፈው ማይክ ሻፒሮ ነው። ፕሮሰሶቹን ራሱ ያያል፣ የተገኙትን ቁጥራቸውን ብቻ ያወጣል፣ ራሱን ፈጽሞ አይቆጥርም። ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ አጻጻፉ ከተበላሸ 2 መልሶ ስለሚወጣ ስክሪፕት በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል። መንትያው ፒኪል ደግሞ ያገኛቸውን በዚያው ያቆማቸዋል። ፒኤስንና ግሬፕን በፓይፕ ከማገናኘት በብዙ ይሻላል፤ በስም መፈለግ ግድ ከሆነ ሌላ መጠቀም አይገባም እላለሁ።

ግን ፒግሬፕ ያለ ምርጫ ሲጠራ የሚያየው ኮምን ነው፤ ያ ማለት 15 ባይቱን። የሚያመሳስለውም እንደ ግሬፕ በከፊል ነው፤ «ኤስኤስኤችዲ»ን ለማግኘት «ኤስኤስኤች» ብሎ የጻፈ ሰው የሰው ሁሉ የኤስኤስኤች ግንኙነትና ቁልፍ የሚይዘው ኤጀንት ሁሉ ይመጣለታል። ከ15 ባይት በላይ ሲሰጠው አዳዲሶቹ ቅጂዎች «ምንም አታገኝም» ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ግን በስሕተት መስመር ነው፣ በክሮን የሚነሱ ስክሪፕቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንን መስመር ወደ ባዶ ይጥሉታል። የኤክስ ምርጫ ሲጨመር ስሙ ከዳር እስከ ዳር እንዲገጥም ያስገድዳል፤ አበበች ትቀራለች። የዩ ምርጫ ከተጠቃሚ ስም ጋር ሲጨመር የዚያን ሰው ፕሮሰሶች ብቻ ያያል። እነዚህን ሁለቱን ሳይጨምሩ ፒኪልን ስክሪፕት ውስጥ መጻፍ አደገኛ ነው።

የኤፍ ምርጫ ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ያስፈትሻል። ሰዎች ከ15 ባይቱ ጠባብነት ለማምለጥ ወደዚህ ይሮጣሉ፤ እዚህም ብዙ ወጥመድ አለ። «የደመወዝ-ስሌት» የሚል ቃል በትእዛዝ መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ይገጥማል፤ ፋይሉን የከፈተው ኤዲተር፣ ሎጉን ቴል በሚባለው ትእዛዝ የሚከታተለው ሰው፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ማሽን የሚቀዳው ትእዛዝ። በሱዶ ከተጠራ፣ ፒግሬፕ ራሱን ቢዘልም ሱዶ በመስመሩ ላይ ቃሉን ይዞ ስለሚቆም እሱ ይገኛል። በኤስኤስኤች ከሌላ ማሽን ሲላክ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ትእዛዙን የተቀበለው ሼል ሊገኝ ይችላል። ስክሪፕቱ ስለ ራሱ ከጠየቀም ራሱን ያገኛል፤ መልሱን ወደ ተለዋዋጭ ለመውሰድ ሼሉ የሚፈጥረው ንዑስ ሼል ያንኑ የትእዛዝ መስመር ስለሚወርስ አንድ ቅጂ ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። «ከአንድ በላይ ከተገኘ ውጣ» ብለው የሚቆጥሩ ስክሪፕቶች ብቻቸውን እየሠሩ «ሌላ አለ» ብለው የሚወጡት በዚህ ነው። አዳዲስ ቅጂዎች ወላጆቹንም እንዲዘል የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ያ ከችግሩ ግማሹን ያቀላል።

ዶከር ባለበት ሰርቨር ሌላ ነገር ይጨመራል። ከዋናው ማሽን ሆኖ ሲፈለግ በኮንቴነሮች ውስጥ ያሉ ፕሮሰሶችም ይታያሉ። ሦስት ኮንቴነር እያንዳንዳቸው ኢንጂንኤክስ ካላቸውና ዋናው ማሽንም የራሱ ካለው፣ በዋናው ማሽን ላይ «ኢንጂንኤክስን ግደል» የሚል መስመር አራቱንም ይነካል።

ኪልኦል የሚባለውን ትእዛዝ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሊኑክስ ላይ በስም የተጠራውን ያቆማል። የድሮው ሶላሪስ ላይ ግን ስሙ እንደሚለው ሁሉንም ያቆማል፤ ማሽኑ ሲዘጋ እንዲጠራ የተሠራ ነው። ስክሪፕታችሁ ከሊኑክስ ውጭ ሊሄድ የሚችል ከሆነ ይህ ቃል ውስጡ አይኑር።

ስሙ ትክክል ቢሆንም

ፒግሬፕ ትክክለኛውን አገኘ እንበል፤ 4127። ስክሪፕቱ ቁጥሩን ይዞ ሁለት መስመር ይሠራል፣ ከዚያ «4127ን ግደል» ይላል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ 4127 ሥራውን ጨርሶ ወጥቶ ቁጥሩም ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ቁጥሮችን በተርታ እየሰጠ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ባዶዎቹን ያድላል። ጣሪያው ለብዙ ዘመን 32768 ነበር፤ በ64 ቢት ማሽኖች ላይ ሲስተምዲ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ 4194304 ከፍ ስላደረገው አደጋው ቀንሷል። አልጠፋም። ቁጥርን በፋይል አስቀምጦ በኋላ «ይህ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው፤ ማሽኑ በመብራት መጥፋት ወድቆ ከተነሳ ፋይሉ ዲስክ ላይ ሊተርፍ፣ በውስጡ ያለው ቁጥር ግን የሌላ ፕሮሰስ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከፕሮክ ውስጥ ስታት ከሚባለው ፋይል 22ኛው ቦታ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት አብሮ ማስቀመጥ ይገባል፤ ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ፕሮሰሱ ራሱ ነው። ሲነበብ ግን በክፍት ቦታ እየቆጠሩ ማንበብ ያሳስታል። ስሙ ራሱ ክፍት ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ የቲመክስ ሰርቨር ስም ለምሳሌ በሁለት ቃል ነው። ስሙን ከዘጋው የመጨረሻ ቅንፍ በኋላ መቁጠር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሁለት ቅጂዎች በአንድ ቅጽበት መነሳታቸው ነው። ሁለቱም «ሌላ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወይ አንዱ ሌላውን ሳያይ ሁለቱም ሥራ ይጀምራሉ፣ ወይ ሁለቱም ተያይተው ሁለቱም ይወጣሉ። ስምን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብናመሳስል ይህ አይፈታም፤ መጠየቁና መጀመሩ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸውና በመካከላቸው ክፍተት አለ።

መፍትሔው ስም መፈለግን መተው ነው። ከርነሉ ቁልፍ ይሰጣል። ፍሎክ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ስክሪፕቱ አንድ ባዶ ፋይል ይከፍትና ከርነሉን «ይህን ቆልፍልኝ» ይለዋል። ከርነሉ ለአንድ ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ቅጂ ሲጠይቅ፣ የኤን ምርጫ ከተጨመረ፣ ሳይጠብቅ «ተይዟል» ይባልና ይወጣል። መጠየቁና መያዙ አንድ ድርጊት ስለሆነ ክፍተት የለም። ስም የለም፣ ፊደል የለም፣ 15 ባይት የለም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የሚፈታበት መንገድ ነው፤ ቁልፉ የተያዘው በተከፈተው ፋይል ላይ ስለሆነ ፕሮሰሱ በምንም መንገድ ቢሞት፣ በ9 ቁጥር ሲግናልም ቢገደል፣ ከርነሉ ፋይሉን ሲዘጋ ቁልፉም ይፈታል። የተረሳ ቁልፍ ደመወዝ አያስቆምም።

ስክሪፕቱን መንካት ሳያስፈልግም ይቻላል። በክሮን መስመሩ ላይ ከትእዛዙ በፊት ፍሎክን ከኤን ምርጫው ጋር መጻፍ፣ ቀጥሎ የቁልፍ ፋይሉን አድራሻ፣ ቀጥሎ ስክሪፕቱን። ይኸው ነው። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የቁልፍ ፋይሉን ሥራው ሲያልቅ አትሰርዙት፤ አንዱ የተሰረዘውን ፋይል ይዞ ሌላው በዚያው ስም አዲስ ፈጥሮ ሁለቱም «እኔ ይዣለሁ» ሊሉ ይችላሉ። ባዶ ፋይል ነው፣ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ ከኋላው የሚቀር ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ከሆነ ያ ልጅ የተከፈተውን ፋይል ይወርሳል፤ ወላጁ ቢሞትም ቁልፉ በልጁ እጅ ይቆያል። ልጁን ሲያስነሱ ያንን ፋይል መዝጋት፣ ወይም ፍሎክን በኦ ምርጫ መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ስክሪፕቱ ራሱ ያስነሳውን ልጅ በኋላ ለማቆም ሲፈልግም በስም መፈለግ አያስፈልገውም። ሼሉ ከኋላ ያስነሳውን የመጨረሻ ፕሮሰስ ቁጥር የዶላር ምልክትና ቃለ አጋኖ በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጣል። ወዲያው ወደ ሌላ ስም መገልበጥ ነው። ወላጁ ልጁ መሞቱን ተቀብሎ እስካላረጋገጠ ድረስ ከርነሉ ያን ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፤ ስለዚህ ወላጅ በያዘው ቁጥር ከስም ይልቅ መተማመን ይችላል።

ዘወትር የሚሠራ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ለሲስተምዲ መተው ይሻላል። ሲስተምዲ አገልግሎቱን ሲያስነሳ በራሱ የከርነል ቡድን ውስጥ ያስገባዋል፤ ከእሱ የሚወለዱ ልጆችም ስማቸውን ቢቀይሩም ከቡድኑ አይወጡም። «እየሠራ ነው ወይ?» የሚለውን ሲስተምሲቲኤል በአንድ ቃል ይመልሳል፣ ሲያቆምም ቡድኑን በሙሉ ያቆማል። በየ10 ደቂቃው የሚነሳውን ስክሪፕታችንን ከክሮን አውጥቶ በሲስተምዲ ታይመር ማስነሳትም ይቻላል፤ የቀደመው ገና እየሠራ ከሆነ ታይመሩ ሁለተኛ ቅጂ አያስነሳም።

በስም መፈለግ የሚቀረው ለሰው ዓይን ነው፤ ተርሚናል ላይ ተቀምጦ ውጤቱን አንብቦ ለሚወስን ሰው። እዚያም ቢሆን ከመግደል በፊት ፒግሬፕን በኤ ምርጫ ጠርቶ ሙሉ መስመሩን ማየት ያስፈልጋል።

የምታስተዳድሩት ሰርቨር ካለ ስክሪፕቶቹ ያሉበትን ፎልደር ከፍታችሁ ፒኤስን ከግሬፕ ጋር ያገናኙ መስመሮችን፣ ፒኪልና ኪልኦል ያሉባቸውንም ፈልጉ። ከሚገድሉት ጀምሩ፤ የሚቆጥሩት ይቆዩ። ገንዘብ ወይም የሕመምተኛ መዝገብ የሚነካ ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ ወር ሳያልቅ ፍሎክ አስገቡበት።